ወር ሲቀር

መንዳት የምታስተምራቸው ሰዎች «ፍሬን» የሚል ስም አወጡላት። በማሠልጠኛው መኪና ውስጥ ከእሷ እግር ስር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደናበር የምትረግጠው እሷ ናት። ስትረግጥ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ተማሪው የሰው አጥር ሊደረምስ ጥቂት ሲቀረው እንኳ «እዚህ ጋ ትንሽ እንረፍ» ነው የምትለው። ስሙ ከማሠልጠኛው ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈር ቤት ገባ። በመጨረሻ ባሏም በዚሁ ይጠራት ጀመር።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱም አንድ ሰሞን ተማሪዋ ነበር። ፈተናውን ደጋግሞ ወድቋል፤ ከአንቺ እንዳልለይ ሆን ብዬ ነው የወደቅሁት ይላታል፤ እሷ ግን ወደ ኋላ ሲያቆም አይታዋለችና አታምነውም። ከተጋቡ በኋላ የእናቱ ቤት ፎቅ ላይ ገቡ። አማቷ ከታች፣ እነሱ ከላይ።

የወር አበባዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደፈለገው የሚመጣ ነገር ነበር። አንዳንዴ ወራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ አልሄድም ብሎ ይከርማል። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ስታገቢ ይስተካከላል» ብለዋት ነበር። አገባች፤ አልተስተካከለም። ለሌላ ሴት ወር መቅረት ዜና ነው። ለፍሬን ግን መቅረቱ ልማድ ስለሆነ ዜናውን ከልማዱ መለየት አቃታት። በቀረ ቁጥር ፋርማሲ ትሄዳለች፣ መመርመሪያውን ትገዛለች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትጠብቃለች። ሁልጊዜ አንድ መስመር። መጀመሪያ አካባቢ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ «እህ?» ይል ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወ፤ እሷም መመርመሪያውን መግዛቷን ሳትነግረው መግዛት ጀመረች። ፋርማሲስቷ ግን ሳትጠየቅ ከመደርደሪያው ታወርድላት ነበር።

አገጯ ላይ ጠንከር ያለ ፀጉር ይበቅላል። ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ተማሪ ሳይመጣ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ በስፖኪዮው እያየች በወረንጦ ትነቅለዋለች። ክብደቷም እየጨመረ ነበር። የምትበላው ከባሏ ያነሰ ነው፤ ሱሪ የሚጠባት ግን እሷን ነው። እነዚህን ነገሮች እርስ በርስ አገናኝታቸው አታውቅም። ፀጉሩ የአባቷ ወገን ነው፣ ውፍረቱ ቁጭ ብሎ የመዋል ነው፣ ወሩ ደግሞ የራሱ የወሩ ነው ብላ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለች።

ያገናኘቻቸው በመጨረሻ ልትታይ የሄደችባት የማህፀን ዶክተር ናት። አልትራሳውንዱን ስታነሳ ስክሪኑን ወደ ፍሬን አዞረችላት። ትንንሽ ጥቋቁር ክቦች ዳር ዳሩን ተሰልፈው ይታያሉ።

«ይሄ ኦቫሪሽ፣ የእንቁላል ማምረቻሽ ነው። እነዚህን ከረጢት ይሏቸዋል እንጂ እውነተኛ ከረጢት አይደሉም። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ እንቁላሎች ናቸው። ብዙ ይጀምራሉ፣ አንዱም ግን አድጎ አይወጣም። ፀጉሩም፣ ክብደቱም፣ የወሩ መዛባትም ከዚሁ ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል።»

«መሃን ነኝ ማለት ነው?»

«አይደለም። እንቁላልሽ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም ማለት ነው። ባልና ሚስት በማይታወቅ ቀን ተቀጣጥረው ቢተላለፉ ይገርማል?»

ፍሬን አይገርምም አለች። ዶክተሯ ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን አዘዘችላት፤ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድና ትንሽም ቢሆን ክብደት እንድትቀንስ ነገረቻት። ከዚያ እንቁላል የሚያሳድግ መድኃኒት ይከተላል። «ከዚያ በፊት ግን ባለቤትሽም ይመርመር» አለች። «የእሱን ሳናውቅ አንቺን ብቻ ብናክም ልፋታችን መና ሊቀር ይችላል።»

ባሏ «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንትም እሺ አለ። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ የሆነ ሕንፃ ላይ ቧንቧ ፈነዳ፣ አንዴ ላቦራቶሪው ዝግ ነው ብሎ መጣ። እሷም አልተጨቃጨቀችም። ሰው ሳይፈልግ መሪ እንደማይዝ ከሥራዋ ታውቃለች።

ክኒኑ አልተስማማትም። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፤ አንዳንዴም ደረጃውን ሮጣ ወርዳ ግቢ ያለው ቧንቧ ጋ ታስመልሳለች። አማቷ ይህን በመስኮት ያያሉ። አማቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሥራው ጡረታ አውጥቷቸዋል፤ መስመሩ ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ምራታቸው ጠዋት ታስመልሳለች፣ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ መኪና ትታ በእግሯ ትመላለሳለች። ሌላ ምን ቀረ?

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፍሬን ከእግር ጉዞዋ ስትመለስ አማቷ ከታች ጠሯት። ሳሎኑ ሙሉ ነበር። የባሏ ታላቅ እህት አለች፤ አጎቱም አሉ። አጎትየው እሷን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኒህ ሰው ለማንም የሚነሡ አልነበሩም።

«ቀስ! ቀስ ብለሽ ተቀመጪ!» አሉና ትራስ ከጀርባዋ አደረጉላት።

ፍሬን ልብሷ ላይ የሆነ ነገር ያለ መስሏት ራሷን አየች። የባሏ እህት ሁለት ከረጢት ጎትታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ ጀመረች፦ አውራ ጣት የምታህል ካልሲ፣ ቆብ፣ ጆሮ ያለው ብርድ ልብስ።

«የልጆቼ ነው፤ ታጥቦ የተቀመጠ ነው። አዲስ ነው በይው» አለች። «እንኳን ደስ አለሽ!»

«ለምኑ?»

ሁሉም ሳቁ። አማቷ «ትደብቅ እስቲ» አሉ። «እኔም የበኩሩን ጊዜ ደብቄያለሁ። ግን ከኔ ዓይን? ከኔ?»

«እማማ፣ እኔ አላረገዝኩም።»

«እሺ ልጄ፣ አላረገዝሽም» አሉ አማቷ፣ ወደ ሌሎቹ ዓይናቸውን እየጠቀሱ።

«የእውነቴን ነው። የሚያስመልሰኝ መድኃኒት ነው።»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ መጀመሪያ የአጎትየው፣ ቀጥሎ የእህትየዋ፣ በመጨረሻ የአማቷ ቆመ።

«የምን መድኃኒት?»

ፍሬን መልሱን ታውቀዋለች። ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል መድገም ትችል ነበር። ግን ሦስቱም አፍጥጠውባታል፤ ከሦስቱ መሃል ደግሞ ጆሮ ያለው ብርድ ልብስ አለ። ትራሱን ከጀርባዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። በዚህ መሃል ባሏ የዕቃ ሳጥኑን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማ አይታወቅም።

«መድኃኒቱ የጨጓራ ነው» አለ። «ልጅ ያልመጣው በኔ ነው። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ተመርምሬያለሁ።»

አጎትየው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አማቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የባሏ እህት ትንንሾቹን ካልሲዎች አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ከረጢቱ መለሰች፤ ቆቡ ወንበር ስር ወድቆ ነበርና ለማንሳት በጉልበቷ ተንበረከከች። ማንም አላገዛትም።

ፎቅ እንደወጡ ፍሬን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ለመነህ?»

«አፍጥጠውብሽ ነበርኮ! ምን ላድርግ? ቆሜ ልይ?»

«እኔ አፍ የለኝም?»

«አለሽ። ዛሬ ግን አልሠራም።»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ አልሳቀችም። ያደረገው ደግ ነገር መሆኑን ታውቃለች። የሚያናድዳትም ይኸው ደግነቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ብትናገር እሱን ውሸታም ታደርገዋለች፤ ዝም ካለች ደግሞ በእሱ ጀርባ ተደብቃ ትኖራለች። ሁለቱንም አልመረጠችም፤ እሱ መረጠላት።

«ሳትመረመር ተመርምሬያለሁ አልክ» አለችው። «እስቲ ቢያንስ ግማሹን እውነት አድርገው። ነገ ሂድ።»

በማግስቱ ሄደ። ውጤቱ ደህና ነበር። ዶክተሯ «በእሱ በኩል እንኳን ምንም የለም» ስትል ባሏ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ ታየ፤ ወዲያው ደስታውን ሊደብቅ ሲሞክርም ታየ። ፍሬን የተሰማት ነገር እፎይታ ይሁን ሌላ ለመለየት ጊዜ ፈጀባት። ምናለ እሱም ችግር ቢኖርበት ኖሮ ብላ ማሰቧን ለማንም አልተናገረችም።

ከታች ግን ዓለም ተገልብጧል። አማቷ ልጃቸውን ታማሚ አደረጉት። ሾርባ ይሠሩለታል። ስልኩን ከሱሪ ኪሱ እንዲያወጣ፣ በሙቅ ውሃ እንዳይታጠብ፣ ሱሪውን ሰፋ ያለ እንዲያደርግ ያዙታል። እሱም ሰፊ ሱሪ ለብሶ ሾርባውን ይጠጣል። ለፍሬን ደግሞ ለስልሰው ውሃ ሆኑላት። አንድ ቀን እጇን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ ሌላዋ ብትሆን ጥላው ትሄድ ነበር» አሏት።

ፍሬን ፈገግ አለች። ቃሉ ግን አልለቃትም። ተማሪ ሲያዞር፣ ተማሪ ሲያቆም፣ በመሃል ድንገት ይመጣባታል። ጥላው ትሄድ ነበር። ታዲያ ባለችግሯ እኔ መሆኔን ቢያውቁ ለእሱስ ምን ይሉት ነበር?

አማቷ መንዳት ለመማር የወሰኑት በዚያ ሰሞን ነው። የሟች ባላቸው መኪና ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ዓመታት ቆሟል። አንድ ጠዋት ሸራውን ገልጠው ሲያዩ የኋላ ወንበሩ ስፖንጅ ተቦድሷል።

«አይጥ እንኳ ወለደበትኮ!» ብለው ጮኹ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ፍሬን ደረጃው ላይ መቆሟን አዩ፤ ምላሳቸውን ነከሱ። ከዚያ ነገሩን ለማስቀየስ ይመስላል፣ «ለምን አታስተምሪኝም? አንቺ ለሰው ሁሉ ታስተምሪ የለ?» አሉ።

እንደ ተማሪ መጥፎ አልነበሩም። መንገዱን ያያሉ፤ ችግራቸው ማውራታቸው ነው። በማሠልጠኛው መኪና፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ጀምረው ቀስ በቀስ አስፋልት ወጡ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት፣ እማማ።»

«ለቀቅኩትኮ! እሱ ነው የማይለቀኝ። ልክ እንደ ልጄ። ትናንት ሾርባውን በቃኝ አለኝ። በቃኝ ሲል ቁርጥ አባቱን ነው። ሐኪም ቤትም ሰው ጠቁሞኛል፤ ደህና ሐኪም አለ፣ ለወንዶች ብቻ የሚያክም። አብሬው ልሂድ?»

ፍሬን መንገዱን እያየች «ልጅዎ ምንም የለበትም» አለች።

«እንዴት?»

«ደህና ነው። ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። የታመምኩት እኔ ነኝ። ያኔ እሁድ የዋሸው እኔን ሊከልል ነው።»

የአማቷ ቀኝ እግር ነዳጅ መስጫው ላይ ተጫነ። መኪናው ተስፈነጠረ። ፍሬን ረገጠች፤ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ከኋላ ክላክስ ይንጫጫ ጀመር።

«ደግመሽ ንገሪኝ።»

ደግማ ነገረቻቸው። ኦቫሪውን፣ ያላደጉትን እንቁላሎች፣ ክኒኑን፣ ሁሉንም።

«እና ያ ሁሉ ሾርባ?»

«ጠጥቶታል።»

«ሱሪውን ሳይቀር አስቀይሬው! ሰው በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ይጫወትብኝ?»

በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ሳይዘጉት የእግረኛ መንገዱን ይዘው ቀጥታ ሄዱ። ፍሬን ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻግራ በሩን ዘጋች፤ መኪናውን አስነሥታ በሰው እርምጃ ፍጥነት ከጎናቸው መንዳት ጀመረች። የተሳፋሪውን መስኮት አወረደች።

«እማማ፣ ይግቡ።»

«አልገባም።»

«ቤት ሩቅ ነው።»

«እግር አለኝ።»

አንድ ባለሱቅ ከበሩ ብቅ ብሎ ሁለቱን እያየ ቀረ።

«ሌላዋ ብትሆን ጥላው ትሄድ ነበር ብለውኛል» አለች ፍሬን። እንደ ሁልጊዜው ድምጿ ከፍ አላለም። «አሁን ነገሩ ወደ እኔ ዞሯል። እሱ ጥሎኝ ይሂድ?»

አማቷ ቆሙ። ፍሬንም ቆመች።

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«ብለዋል።»

«እኔ ስንቱን እላለሁ፣ አንቺ ደግሞ!» አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። ትንሽ ቆይተው የኋላውን በር ከፍተው ገቡና እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀመጡ።

ብዙ ቀን ኩርፊያ ሆነ። ሾርባው ቆመ። ባሏ ሚስቱ መናገሯን ሲሰማ «እሰይ፣ ሱሪዬን ልቀይር» አለ። በዚህኛው ሳቀች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አማቷ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ሳይቀመጡ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ጠየቁ፦

«ይሄ ነገር… ያምማል?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ባሏ መቼ እንደሚድን ጠይቋል፤ ዶክተሯም ያመማት እንደሆነ የጠየቀችው ሆዷን እየተጫነች ነው። ፍሬን መልሱን ማሰብ ነበረባት።

«አያምም። ወሩ ሲመጣ ያምማል እንጂ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ፀጉሩ ነው።»

«የቱ ፀጉር?»

አገጯን አሳየቻቸው። አማቷ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩ። «እኔ አላየሁም ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ከልባቸው ይሁን ለማጽናናት ለፍሬን ግልጽ አልሆነላትም። ብቻ ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ የመብራት ክፍያ መወደዱን አወሩ።

ሴትየዋ በአንድ ጀንበር ሌላ ሰው አልሆኑም። በማግስቱ ፍሬን በደረጃው ስትወርድ ለእህታቸው በስልክ ሲያወሩ ሰማቻቸው፤ ወሬው የእሷ ነበር። ልትቆጣ ቆም አለች። «ከረጢት አይደለም አልኩሽ!» ይሉ ነበር አማቷ። «ያላደገ እንቁላል ነው! አታዳምጪም እንዴ? መሃንም አይደለችም። ቀኑ ነው የማይታወቀው።» ፍሬን ሳትቆጣ ሥራዋ ሄደች።

ክብደቷ ጥቂት ቀነሰ፤ ማቅለሽለሹም ተዋት። ዶክተሯ እንቁላል የሚያሳድገውን መድኃኒት ጀመረችላት። መጀመሪያ በወሰደችው ጊዜ አልትራሳውንዱ ላይ እነዚያው ትንንሽ ክቦች ነበሩ፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። መጠኑ ተጨመረ። በሚቀጥለው አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ አደገች። ዶክተሯ «አየሻት?» ስትል ድምጿ ላይ ደስታ ነበር። ባልና ሚስቱ በተነገራቸው ቀኖች እንደ ሥራ ሰዓት ተገናኙ። «መግቢያ ሰዓት ልፈርም እንዴ?» ይላታል ባሏ፤ ትስቃለች፤ ግን ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። ያ ወር ሲያልቅ የወር አበባዋ መጣ። በቀኑ፣ ሳይዘገይ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው በቀኑ መጣና መኪናው ውስጥ አስለቀሳት። ተማሪው ጥፋቱ የሱ መስሎት ይቅርታ ጠየቃት።

ባሏ «እንተወው?» አለ። «ለዘላለም አይደለም። እስክታርፊ።»

«አንዴ ልድገም» አለች። «ከዚያ እናርፋለን።»

የደም ምርመራው ውጤት የመጣ ቀን ባሏ አንድ ትምህርት ቤት ምግብ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ነበር። ልትነግረው ሄደች። ስልክ መደወል ትችል ነበር፤ ለምን እንዳልደወለች አታውቅም። ሲንኩ ስር ገብቶ ከወገቡ በታች ብቻ ይታያል። ወለሉ ርጥብ ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መጣሽ? ያንን ትልቁን መፍቻ አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። አንድ ሁለቴ አዞረ፤ ብረቱ ጮኸ።

«አርግዣለሁ» አለች።

መፍቻው ቆመ። እግሮቹም አልተንቀሳቀሱም።

«ዶክተሯ ገና ነው ብላለች። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል ብላለች።»

«እሺ።»

«አትወጣም?»

«ትንሽ ቆዪ» አለ። ድምፁ ሌላ ነበር። ፍሬን አንድ ባልዲ ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ቆየ። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ገብታ «አለቀ እንዴ?» ስትል ፍሬን በእጇ ገና ነው የሚል ምልክት ሰጠቻት።

እርግዝናው ቀላል አልነበረም። መሃል ላይ ስኳሯ ከፍ አለ፤ የስኳር መርፌ ራሷን መውጋት ለመደች፤ ሆዷ መሪውን ሲነካ ከመኪና ወርዳ ክፍል ውስጥ የመንገድ ሕግ ብቻ ማስተማር ጀመረች። በመጨረሻ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ሲወለድ ትንሽ መተንፈስ አስቸግሮት ጥቂት ቀን ሆስፒታል በማሞቂያ መስታወት ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ቤት ገባ።

ወደ መጨረሻው ክትትል ባልና ሚስቱ ልጁን ይዘው አብረው ሄዱ። ዶክተሯ ቁስሏን አየች፤ ስኳሯንም ለካች። በሽታው አብሯት እንደሚኖር፣ መውለድ እንዳላዳናት፣ እግር ጉዞውን እንዳታቋርጥ ነገረቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከትታ «ሁለተኛ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ብዙ አትቆዩ» አለች።

ባሏ ወደ ፍሬን ዞሮ አያት። ልጁ ማልቀስ ጀምሮ ነበርና እሷ ከባሏ እቅፍ ተቀብላው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች።